ሊግ ማለት ደርሶ መልስ ነው

  ዛሬ የምናወራው ስለ እግር ኳስ ሊግ ነው። «ኳስ ይታያል እንጂ ምኑ ይነበባል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ኳስ ይታያል። ሊግ ግን ይነበባል። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እናየዋለን።

መጀመሪያ ቃሉን እንያዝ። ሊግ የፈረንጅ ቃል ነው። በእኛ አነጋገር ደርሶ መልስ ብንለው ነገሩን ይገልጸዋል። እናንተ ወደ እኔ ሜዳ መጥታችሁ ትጫወታላችሁ፣ እኔም በተራዬ ወደ እናንተ ሜዳ እመጣለሁ። በዓመት ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይገናኛል። አንዱን በሜዳው፣ ሌላውን በሰው ሜዳ። ጥሎ ማለፍ የሚባለው ውድድር ሌላ ነው። በጥሎ ማለፍ አንድ ቀን የተሸነፈ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሊግ ግን ዛሬ የወደቀ በሚቀጥለው ሳምንት ሊነሣ ይችላል።

ይህን ሐሳብ የጀመሩት እንግሊዞች ናቸው። በእነሱ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. 12 ክለቦች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ በፊት ክለቦች ቀጠሮ ይይዙ ነበር፤ ቀጠሮው ግን ብዙ ጊዜ ይፈርስ ነበር። ተመልካች ሳንቲሙን ቋጥሮ ሜዳ ድረስ ይሄድና «ጨዋታው ቀርቷል» ይባላል። ሊጉ ያመጣው ነገር ዓመቱን ሙሉ የማይፈርስ ቀጠሮ ነው።

ወደ ሀገራችን እንምጣ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለው ቡድን በአዲስ አበባ፣ በአራዳ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ወረራ የመጣበት ዓመት ነበር። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተደረገ። ተጫዋቾቹ እነማን ነበሩ? ከኢትዮጵያውያን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከአርመኖች አራራት፣ ከግሪኮች ኦሊምፒያኮስ፣ ከጣሊያኖች ፎርቲቱዶ፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። ሁሉም አዲስ አበባ የሚቀመጡ ነበሩ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ወታደሮች ናቸው። እንዲህ ነው የሀገር ሻምፒዮና የተጀመረው፤ አንድ ከተማ ላይ፣ በአምስት ቡድን።

ከዚያ በኋላ የጦር ሠራዊቱ ቡድን መቻል ገነነ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ጊዜ የሐማሴን ቡድን በ1947 እና በ1949 ዓ.ም. አሸነፈ። በ1950ዎቹ ደግሞ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ዋንጫውን ደጋግሞ ወሰደ። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። አሥመራ ተወልዶ ያደገ፣ ለድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር የተጫወተ ሰው ነው።

እስቲ የከተሞቹን ስም መልሳችሁ አንብቡት። አዲስ አበባ፣ አሥመራ፣ ድሬዳዋ። ሦስቱም ባቡር የገባባቸው፣ ፋብሪካ የተተከለባቸው፣ የጦር ካምፕ ያለባቸው ከተሞች ናቸው። ኳስም ባቡሩንና ፋብሪካውን ተከትላ ነው የሄደችው ማለት ይቻላል።

ሶዶስ? ሶዶ በዚያን ጊዜ በሲዳሞ ውስጥ የአንድ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የሀገሩ ሻምፒዮን የሚለየው በየክፍለ ሀገሩ ያሸነፉት ተሰብስበው በሚያደርጉት አጭር ውድድር ነበር። ስለዚህ አንድ የሶዶ ልጅ የቱንም ያህል ኳስ ቢችል፣ መጀመሪያ ከአውራጃ አውራጃ ተመርጦ ለክፍለ ሀገሩ መብቃት ነበረበት። ከዚያ ለጥቂት ቀናት ሌላ ከተማ ሄዶ ተጫውቶ ይመለሳል። እናቱ ስታየው? የሰፈሩ ልጅ ሲያጨበጭብለት? ያ አልነበረም። አጭር ውድድር ተጫዋችን ከሀገሩ ያወጣል እንጂ ጨዋታውን ወደ ሀገሩ አያመጣም።

አሁን ያለው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል ወሰደ። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ ዋንጫው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆነ። ሆኖም በ1996 ዓ.ም. አንድ አዲስ ነገር መጣ። ሐዋሳ ከተማ ሻምፒዮን ሆነ። በዚህ ሊግ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ቡድን ሲያሸንፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ሐዋሳ ደገመው። ደቡብ ላይ ያለ ወጣት ሁሉ «ለካስ ይቻላል!» ያለው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ወላይታ ዲቻ የተመሠረተው በ2001 ዓ.ም. ነው። ዲቻ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለወላይታ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነውና እናልፈዋለን። ደጋፊውም ጋዜጠኛውም ቡድኑን «የጦና ንቦች» ይለዋል። ጦና በ1887 ዓ.ም. ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው የተማረኩት የወላይታ ንጉሥ ናቸው። ቡድኑ በአምስት ዓመት ውስጥ ከታችኛው ሊግ ወጥቶ በ2006 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁጠር። በ2006 ዓ.ም. ሊጉ 14 ቡድኖች ነበሩት። አንድ ቡድን ራሱን አይገጥምም፤ ስለዚህ 13 ተጋጣሚዎች አሉት። ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ጊዜ ሲጫወት 26 ጨዋታ ይሆናል። ግማሹ፣ ማለትም 13ቱ፣ በሜዳው ነው። በዓመት 13 ጊዜ እንግዳ ወደ ሶዶ ይመጣል ማለት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ መጣ። ኢትዮጵያ ቡና መጣ። ጎረቤቱ አርባ ምንጭም መጣ። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ይከራያል፣ ቁርጥ በዳጣ ይበላል፣ ባጃጅ ይሳፈራል። ሊስትሮው ይሠራል፣ ቆሎ የምትሸጠው እናት ትሸጣለች። በሬዲዮ ብቻ ስሙን የሰማነው ተጫዋች ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ሲሮጥ በዓይን ይታያል። ከዘጠና ደቂቃው ጨዋታ ይልቅ ይህ የሚበልጥባቸው ብዙ ሰዎች ናቸው።

አሁን «ሊግ ይነበባል» ያልነውን እናምጣ። ጋዜጣ ላይ የደረጃ ሠንጠረዥ የሚባል አለ። ፊደልና ቁጥር ለለየ ሰው ከባድ አይደለም። ከቡድኑ ስም ቀጥሎ ስንት እንደተጫወተ፣ ስንት እንዳሸነፈ፣ ስንት አቻ እንደወጣ፣ ስንት እንደተሸነፈ በተራ ይጻፋል። ከዚያ ያገባው ግብና የገባበት ግብ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ነጥቡ አለ። ያሸነፈ 3 ነጥብ፣ አቻ የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል፤ የተሸነፈ ምንም አያገኝም። አንድ ቡድን 30 ጨዋታ ተጫውቶ 14 ቢያሸንፍ፣ 9 አቻ ቢወጣና 7 ቢሸነፍ ነጥቡ ስንት ነው? 14 በ3 ሲባዛ 42። 9 ሲጨመርበት 51። ይኸው ነው።

ሁለት ቡድኖች በነጥብ እኩል ቢሆኑስ? ካገባው ግብ ላይ የገባበት ይቀነሳል። ይህ የግብ ልዩነት ወይም የግብ ክፍያ ይባላል። ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርና ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጥብ እኩል ጨረሱ። ዋንጫውን የወሰደው በግብ ልዩነት የበለጠው ጅማ ነበር። ያውም ወደ ሊጉ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት! በጥቅምት ወር የገባች አንዲት ተራ ግብ በክረምት ዋንጫ ታስወስዳለች። ከሠንጠረዡ ግርጌ ያሉት ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቡድኖች፣ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳሉ። የከተማው ቡድን ከወረደ ያ ሁሉ እንግዳም አብሮ ይቀራል። ደጋፊ ሠንጠረዡን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም የሚያነበው ለዚህ ነው።

ዲቻ በ2009 ዓ.ም. መከላከያን በመለያ ምት አሸንፎ የኢትዮጵያን ዋንጫ ወሰደ። ይህ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ነው፤ ያገኘ ቡድን ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ይቀርባል። በ2010 ዓ.ም. ዲቻ መጀመሪያ የዛንዚባሩን ዚማሞቶን ጣለ። ቀጥሎ የደረሰው የግብፁ ዛማሌክ ነው። ዛማሌክ አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው። ዲቻ በሀገሩ 2 ለ 1 አሸነፈ። ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈ። እኩል ሆኑ። መለያ ምት ተመታ፤ ዲቻ 4 ለ 3 አሸነፈ። ከተመሠረተ አሥር ዓመት ያልሞላው የሶዶ ቡድን ዛማሌክን ካይሮ ላይ ጣለ! በሚቀጥለው ዙር የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 አሸነፈው። በመልሱ ዲቻ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም በድምሩ 2 ለ 1 ተበልጦ ወጣ።

«በሀገሩ 2 ለ 1 አሸነፈ» ያልነው የት ይመስላችኋል? ሶዶ አይደለም። ሐዋሳ ነው። ለአፍሪካ ውድድር የሚፈቀደው ስታዲየም የሚገኘው እዚያ ነበር። የሶዶ ደጋፊ ቦዲቲን፣ አላባ ቁሊቶንና ሻሸመኔን አልፎ ሄዶ ነው ቡድኑ በሜዳው ሲጫወት ያየው። ለአንድና ለሁለት ጨዋታ ይህ ይቻላል፤ ሰውም በደስታ ሄዷል። ዓመቱን ሙሉ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌላው ነገር ብዙ አልቆየም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ሊጉ ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ። የሊጉ አስተዳደርም ከፌዴሬሽኑ ወጥቶ ክለቦቹ ራሳቸው ወዳቋቋሙት አክሲዮን ማኅበር ተላለፈ። በ2013 ዓ.ም. ውድድሩ ሲመለስ በየቤቱ መሆኑ ቀርቶ ሁሉም ቡድኖች አንድ ላይ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞሩ ጀመር። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ ታዩ። ለበሽታው ጥንቃቄም፣ ለቴሌቪዥኑ ካሜራም ይህ ይመቻል። ለክለቦቹም የቴሌቪዥን ገንዘብ አመጣላቸው። በዚያው ዓመት ዋንጫውን ፋሲል ከነማ ወሰደ። አሠራሩ ከዚያ በኋላም ለተከታታይ ዓመታት ቀጠለ።

ጥቅሙን አንክድም። ሆኖም ቴሌቪዥን ቆሎ አይገዛም፣ አልጋም አይከራይም። ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት የሚገባ ሰው ጨዋታውን ያይ ነበር፤ ሳንቲም የሌለው ልጅ ግን ድሮ የስታዲየሙን አጥር ተንጠልጥሎ ያይ የነበረውን ያን ጊዜ የት ተንጠልጥሎ ይየው? ሁለት ጊዜ መገናኘቱ አልቀረም። የቀረው መምጣትና መሄዱ ነው። እኔ ደግሞ ሊግን ሊግ የሚያደርገው እሱ ነው ባይ ነኝ።

እስቲ የመጨረሻውን ስሌት እናንተ ሥሩት፤ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ሦስት ቡድኖች በጦርነቱ ምክንያት ስላልነበሩ በሊጉ የተጫወቱት 13 ቡድኖች ናቸው። እያንዳንዱ ቡድን ከሌሎቹ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ተጫወተ። ወላይታ ዲቻ በዓመቱ ስንት ጨዋታ አደረገ? 12 በ2 ሲባዛ 24፣ ትክክል ናችሁ። ከእነዚያ 24 ጨዋታዎች ውስጥ ሶዶ ላይ የተደረገው ስንት ነው? ለዚህኛው ማባዛት አያስፈልግም። ዜሮ ብላችሁ ጻፉ።