የካርቱም «የፀሐይ ልጆች»ና ተጠያቂው

በካርቱም ጎዳና የሚያድሩ ልጆች በሱዳን አረብኛ «ሸማሳ» ይባላሉ፤ ስያሜው «ሸምስ»፣ ማለትም ፀሐይ፣ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ቁጥራቸው የበዛው ከ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። በ1983 የደቡቡ ጦርነት እንደገና ተቀሰቀሰ፤ በ1984 እና በ1985 ደግሞ ድርቅ የኮርዶፋንንና የዳርፉርን ሕዝብ ወደ ኦምዱርማን ዳርቻ ነዳው።

ለልጆቹ መበተን ምክንያቱ ረኃብና ጦርነት ብቻ አልነበረም። ከተፈናቃዮቹ እናቶች ብዙዎቹ ቤታቸውን ያስተዳድሩ የነበረው ሜሪሳና ዐረቄ እየሸጡ ነበር። ከመስከረም 1983 ወዲህ ግን መጠጥ በሕግ ስለ ተከለከለ፣ የተያዘችው እናት ወደ ኦምዱርማን የሴቶች ወኅኒ ትወርድ ነበር። ደጅ የቀረው ልጅ ገበያ ወጥቶ ቢሰርቅ፣ ጥፋቱን ከእናትየው አስተዳደግ ብቻ መፈለግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

መንግሥት የመረጠው መፍትሔ አፈሳ ነበር። «ከሻ» የሚለው ቃል በካርቱም ለኖረ ሐበሻ ማብራሪያ አያሻውም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከየጎዳናው የታፈሱ ልጆች፣ በተለይም የደቡብና የኑባ ተወላጆች፣ ወላጆቻቸው ሳያውቁ ወደ ዝግ ካምፖች ተወሰዱ፤ የአረብ ስም የተሰጣቸው፣ የእስልምና ትምህርት እንዲማሩ የተገደዱም ነበሩ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ1995 ባወጣው ዘገባ እንደ ገለጸው፣ ከታፈሱት መካከል በከተማዋ ቤተሰብ ያላቸው፣ ለሥራ ወይም ለመላላክ የወጡ ልጆች ይገኙባቸዋል። ሱዳን የሕፃናት መብቶችን ስምምነት ያጸደቀችው ግን ገና በ1990 ነበር!

ሕጉ የተሻሻለው ዘግይቶ ነው። የ1991ዱ የወንጀል ሕግ 15 ዓመት የሞላውንና የጉርምስና ምልክት የታየበትን ልጅ እንደ አዋቂ ይቆጥር ነበር። በ2007 በካርቱም ፖሊስ ውስጥ የቤተሰብና የሕፃናት ጥበቃ ክፍል ተቋቋመ፤ የ2010ሩ የሕፃናት ሕግም ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ሕፃን አለው፤ 12 ዓመት ያልሞላውንም ከወንጀል ተጠያቂነት ነጻ አደረገ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ልጁ ከተያዘ በኋላ የሚደረገውን እንጂ፣ ከመያዙ በፊት ማን ምሳ እንደሚያበላው አይወስንም።

ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ በካርቱም ሲፈነዳ የኮበር ወኅኒ እስረኞች ወጡ፤ ፖሊስ ከየጎዳናው ጠፋ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያን ጊዜ በየሰፈሩ የጋራ ድስት ጥደው ሕፃናቱን ከመገቡት ብዙዎቹ፣ ቀድሞ «አስቸጋሪ» ሲባሉ የኖሩት የሰፈሩ ወጣቶች ነበሩ።