ዶክተር ሁ፦ ተመልካቾቹ ከመጥፋት የታደጉት ተከታታይ ድራማ

ዶክተር ሁ በብሪታንያው የሕዝብ ማሰራጫ ተቋም በቢቢሲ የተጀመረ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ለሕዝብ የቀረበው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ሲሆን፣ ዕለቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በተገደሉ ማግሥት ነበር። የዓለም ሁሉ ጆሮ ወደ ሌላ ጉዳይ በማዘንበሉ ያው ክፍል በሳምንቱ በድጋሚ እንዲታይ ተደርጓል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ “ዶክተሩ” ተብሎ የሚጠራ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ መንገደኛ ነው። ታርዲስ በተባለች መጓጓዣ በዘመናትና በኅዋ መካከል ይመላለሳል። ታርዲስ ከውጭ ስትታይ ሰማያዊ የፖሊስ የስልክ ሣጥን ትመስላለች፤ ውስጧ ግን እጅግ ሰፊ ነው።

ሐሳቡን ካመነጩት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ በወቅቱ የቢቢሲ የድራማ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ካናዳዊው ሲድኒ ኒውማን ናቸው። ፕሮዲዩሰርነቱን የተረከቡት ቬሪቲ ላምበርት ሥርጭቱ ሲጀመር ገና 27 ዓመታቸው ነበር። የመጀመሪያውን ታሪክ ያዘጋጁት ዳይሬክተር ዋሪስ ሁሴን ደግሞ የሕንድ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው 24 ነበር። ድራማው ወደ ኋላ በሚጓዙት ታሪኮቹ የታሪክን፣ ወደ ፊት በሚጓዙት ደግሞ የሳይንስን ዕውቀት ለልጆች እንዲያስጨብጥ ታስቦ ነበር። ይሁንና ዝናውን ያገነነው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ብቅ ያሉት ዳሌክ የተባሉት ጨካኝ ፍጡራን ናቸው። በ1966 የመጀመሪያው ዶክተር ዊሊያም ሃርትኔል ጤንነታቸው በመታወኩ ሥራውን ሲለቁ፣ ደራሲያኑ ገጸ ባሕርይው መልኩን ለውጦ በሌላ ተዋናይ እንዲቀጥል አደረጉ። ድራማው ለረጅም ዘመን ሊኖር የቻለው በዚህ ብልሃት ነው።

የድራማው ዕድሜ ቢረዝምም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራዎቹ ግን ከጥፋት አላመለጡም። ከ1963 እስከ 1969 በጥቁርና ነጭ የተላለፉት ክፍሎች 253 ናቸው። በዚያ ዘመን የቪዲዮ ቴፕ ዋጋው ውድ ነበር፤ በላዩ ያለው ተደምስሶ ለሌላ ዝግጅት ሊውልም ይችል ነበር። ከተዋንያን ማኅበር ጋር የተደረገው ስምምነት ዝግጅቶች በተደጋጋሚ እንዳይታዩ ይገድባል። ቤት ውስጥ በቪዲዮ መመልከት ገና አልተለመደም። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ሲስፋፋም የጥቁርና ነጭ ሥራዎች ዋጋ እንደሌላቸው ተቆጠሩ። በዚህ ምክንያት ቴፖቹ ተደመሰሱ፤ ብዙ የፊልም ቅጂዎችም እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ተወገዱ። ውሳኔው የተላለፈው በክፋት ሳይሆን፣ የቴሌቪዥን ዝግጅት አንዴ ታይቶ የሚያልፍ ነገር ነው በሚል እምነት ነበር።

የተረፈው ቅርስ የተገኘው በአብዛኛው ከሁለት አቅጣጫ ነው። የመጀመሪያው የውጭ ሽያጭ ነው። ቢቢሲ ድራማውን በ16 ሚሊሜትር ፊልም እያባዛ ለልዩ ልዩ አገሮች ይሸጥ ነበር፤ ኢትዮጵያም ከገዢዎቹ አንዷ ነበረች። አንድ ጣቢያ አሳይቶ ሲጨርስ ፊልሙን ይመልሳል፣ ያስወግዳል፣ ወይም ለሌላ አገር ጣቢያ ያስተላልፋል። በዚህ ጉዞ መካከል በየመጋዘኑ የቀሩ ቅጂዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ተገኝተዋል። ጠፍቶ የነበረ ባለ አራት ክፍል ታሪክ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሆንግ ኮንግ ተመልሷል። በ2013 ደግሞ በናይጄሪያ ጆስ ከተማ ከሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች መገኘታቸው ይፋ ሆነ። ከዚያ በኋላ የጠፉት ቁጥር 97 ነበር። በ1983 ሁለት ክፍሎች ለንደን ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት መገኘታቸውም ፊልሞቹ ምን ያህል ባልታሰበ ስፍራ ተቀምጠው እንደነበር ያሳያል።

ሁለተኛው አቅጣጫ የተመልካቾች ፍቅር ነው። በ1960ዎቹ አንዳንድ ወጣት ተመልካቾች ማይክራፎን ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ አጠገብ እያስቀመጡ ድራማውን በቴፕ ይቀዱ ነበር። ዓላማቸው የወደዱትን ደግሞ ለመስማት እንጂ ቤተ መዛግብት ለማቋቋም አልነበረም። ይሁን እንጂ ምስላቸው የጠፋው ክፍሎች ድምፅ በሙሉ ዛሬ የሚገኘው በእነዚህ ቅጂዎች ምክንያት ነው። ጆን ኩራ የተባሉ ፎቶግራፍ አንሺም በሙያቸው ከቴሌቪዥን መስኮት ላይ ያነሷቸው ሥዕሎች የብዙዎቹን ትዕይንቶች ገጽታ አቆይተዋል። ቢቢሲ ድምፁን ከአኒሜሽን ጋር በማዋሐድ አንዳንዶቹን የጠፉ ታሪኮች እንደገና ለሕዝብ አቅርቧል።

ፍቅሩ ድራማውን ራሱን እስከ መመለስ ደርሷል። ሥርጭቱ በ1989 ከተቋረጠና በ1996 አንድ ፊልም ብቻ ከታየ በኋላ፣ በ2005 እንደገና እንዲጀመር ያደረጉት ደራሲ ራስል ቲ ዴቪስ ከልጅነታቸው ጀምሮ የድራማው ወዳጅ ነበሩ። ዐሥራ ሁለተኛውን ዶክተር ሆነው የተጫወቱት ፒተር ካፓልዲም በ1974፣ ገና በ15 ዓመታቸው፣ ድራማውን የሚያደንቅ ደብዳቤ ጽፈው በሬዲዮ ታይምስ መጽሔት ታትሞላቸዋል።

ሙሉ በሙሉ ከጠፉት ታሪኮች ቀዳሚው በ1964 የታየው ባለ ሰባት ክፍሉ “ማርኮ ፖሎ” ነው። የዚህ ታሪክ ምስል አንድም ክፍል አልተገኘም፤ ድምፁ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለ። ተቋሙ ሳያስቀምጠው የቀረውን ያቆየው፣ አንድ ሰው በሳሎኑ ተቀምጦ የወደደውን መቅዳቱ ነው።