ኢኮኖሜትሪክስ (የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርስ)

ኢኮኖሜትሪክስ የኢኮኖሚ ንድፈ ሐሳብን፣ ስታቲስቲክስንና ኮምፒውተርን አገናኝቶ የሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ነው። በኢትዮጵያ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ካልኩለስንና ስታቲስቲክስን ካለፉ በኋላ ይወስዱታል፤ ከሚፈሩት ኮርሶችም አንዱ ነው። የህንድ ተወላጁ የዳሞዳር ጉጃራቲ «ቤዚክ ኢኮኖሜትሪክስ» የተሰኘ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም የታወቀ መማሪያ ነው።

መነሻው ሪግሬሽን ነው። የአንድ ቤተሰብ ገቢ በ100 ብር ሲጨምር የምግብ ወጪው በስንት ብር ይጨምራል? ለመመለስ በመረጃ ነጥቦቹ መካከል መስመር ይሰመራል፤ ነጥቦቹ ከመስመሩ የራቁበት መጠን እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ሲደመር ትንሹን ቁጥር የሚሰጠው መስመር ይመረጣል። ስሌቱን ስታታ፣ አር ወይም ፓይተን የተባሉት የኮምፒውተር መሣሪያዎች በቅጽበት ይጨርሱታል። ከባዱ ውጤቱ መቼ እንደሚታመን ማወቅ ነው። የተማሩ ሰዎች የተሻለ ደመወዝ ቢያገኙ፣ ምክንያቱ ትምህርቱ ነው ወይስ ቀድሞውኑ ከባለጸጋ ቤት መወለዳቸው? ሁለቱን ያልለየ ሞዴል ቁጥሩ ምንም ቢያምር ያሳስታል። ከኮርሱ ሰፊው ጊዜ የሚያልፈው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ ተገቢም ነው።

ለፋይናንስ ተማሪ ዋናው ክፍል የጊዜ ተከታታይ መረጃ፣ ማለትም በየጊዜው በቅደም ተከተል የተመዘገበ መረጃ ነው። የአክሲዮን ዋጋ መዋዠቅ አንዴ ከበረታ ለተወሰነ ጊዜ እንደበረታ ይቆያል፤ ይህን ለመለካት ሮበርት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረበው «አርች» ሞዴል በ2003 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ከክላይቭ ግሬንጀር ጋር እንዲጋራ አስችሎታል። በ1969 የተሰጠው የመጀመሪያው የኢኮኖሚክስ ኖቤልም የኢኮኖሜትሪክስ ሰዎች ለሆኑት ለራግናር ፍሪሽና ለያን ቲንበርገን ነበር።