የጆሮ ማዳመጫን የድምፅ ጥራት እንዴት መመዘን ይቻላል?

በጌዴኦ ዞን ጌደብ ወረዳ የሚገኘው ባንኮ ጎቲቲ በቡናው ይታወቃል። ቡና በቅምሻ ሲመዘን ናሙናዎቹ በእኩል መጠን ተዘጋጅተው፣ የመጡበት ስፍራ ሳይገለጽ በመለያ ቁጥር ለቀማሾች ይቀርባሉ። ሄድፎን የሚባለውን የጆሮ ማዳመጫ ለመመዘንም የሚበጀው ይኸው ሥርዓት ነው።

በቅድሚያ የሚወዳደሩትን ማዳመጫዎች ድምፅ እኩል ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚሰማው ጥራቱ ባይበልጥም የተሻለ ይመስላልና። ቀጥሎ አድማጩ በሚገባ የሚያውቀውን ዜማ ይምረጥ፤ ሌላ ሰውም የማዳመጫዎቹን ስምና ዋጋ ሳይነግረው እያቀያየረ ያሰማው።

በጥሩ ማዳመጫ የከበሮው ምት የድምፃዊውን ቃል አይሸፍንም፤ የክራሩ ክሮች ተለይተው ይሰማሉ፤ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ አይወጉም። ወፍራሙ ድምፅ ከሳሳ ማዳመጫው ጆሮ ላይ በደንብ መግጠሙን ማየት ይገባል፤ በክፍተት የሚያመልጠው እርሱ ነውና። በካርቶን ላይ የሚጻፈው «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሰው ጆሮ የሚሰማውን ወሰን እንጂ ጥራትን አያመለክትም።

ደህና ማዳመጫ ድምፁ ዝቅ ሲልም ጥርት ብሎ ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ በጩኸት የሞተ የመስሚያ ሕዋስ ዳግም አይተካም።