የፀጉር መነቃቀልን በዕፅዋትና በብርሃን ማከም

የአንድን ተክል ጭማቂ፣ ዘይት ወይም ንጥረ ነገር ከብርሃን ጋር አጣምሮ ፀጉር እንዲበቅል የማድረግ ሕክምና ነው። ብርሃኑ አልትራቫዮሌት ወይም ቀይ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ ጠባይ ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ቀዳሚው የግብፅ ነው። በናይል ሸለቆ የሚበቅለው አሚ ማጁስ የተባለ ተክል ዘር፣ ፀሐይ ከመሞቅ ጋር፣ ለለምጽ ይሰጥ ነበር። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የካይሮው ሐኪም አብደል ሞነም ኤል ሞፍቲ ከዘሩ የወጣውን ሶራሌን በሕሙማን ላይ ሞከሩ። በ1974 አሜሪካውያን ሐኪሞች ሶራሌንን ከአልትራቫዮሌት መብራት ጋር አጣምረው ሶሪያሲስ ለተባለው የቆዳ ሕመም ተጠቀሙበት። «ፑቫ» የተባለው ይህ ሕክምና በኋላ ለላሽም ተሞከረ። አንዳንዶች ላይ ፀጉር ቢያበቅልም ሕክምናው ሲቋረጥ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይረግፋል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ለቆዳ ካንሰር ያጋልጣል።

ለጉና ተራራ አካባቢ ነዋሪ ይህን ማወቅ ግድ ነው። በየጓሮው የሚበቅለው ጤና አዳም የሶራሌን ዘመዶች አሉበት። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የደብረ ታቦር ከተማ ወደ 2,700 ሜትር ላይ ናት፣ የጉና ጫፍም ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እርጥብ ጤና አዳም ጨቅጭቆ የተመለጠ ራስ ላይ ቀብቶ ፀሐይ መሞቅ ቆዳን ያቃጥላል። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ጥቁር ምልክቱም ለወራት አይለቅም። በሕፃን ራስ ላይ ከቶ ሊሞከር አይገባም።

ቀዩ ብርሃን እንዲህ አያቃጥልም። በ1967 የቡዳፔስቱ ሐኪም ኤንድሬ መስተር በተላጩ አይጦች ላይ ደካማ ሌዘር ሲያበሩ ፀጉሩ ቶሎ በቀለ። በ2007 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አንድ የሌዘር ማበጠሪያ ለገበያ እንዲቀርብ ፈቀደ፤ የሚያገለግለውም በዘር ለሚወረስ መመለጥ ነው። ከዕፅዋት በኩል በ1998 የታተመው የስኮትላንድ አበርዲን ጥናት ይጠቀሳል፦ የጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ የላቬንደርና የአርዝ ዘይት ራሳቸውን ከታሹ የላሽ ሕሙማን 44 በመቶው ሲሻላቸው፣ እነዚህ ያልገቡበትን ዘይት ከተቀቡት የተሻላቸው 15 በመቶው ብቻ ናቸው። ጦስኙ ግን የአውሮፓው እንጂ የእኛ ደጋ ጦስኝ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን የመነቃቀሉ ምክንያት ይለይ። የልጆች ቆረቆር ፈንገስ ስለሆነ ለሳምንታት የሚዋጥ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ቅባትም ብርሃንም ብቻውን አያድነውም። ማበጠሪያና ቆብ መዋዋስም ያዛምተዋል። ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ደግሞ ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ፀጉሩን እየጎተተ ይነቅላል፤ መጀመሪያ ሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ይወጣሉ፣ ሲነኩትም ያማል። በዚህ ጊዜ ሹሩባው ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል። ዓመታት ካለፉና ሥሩ ጠባሳ ከሆነ ግን የትኛውም ቅጠል፣ የትኛውም ብርሃን አያበቅለውም።