ከፈረስ መጋላ የወጡ መንገዶች፤ ሐረር ከ1933 እስከ 1967 ዓ.ም.

ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው። በጁገል ግንብ ውስጥ የሚገኘው ይህ አደባባይ ፈረሱ ከጠፋበትም በኋላ ስሙን አልለቀቀም። ከአደባባዩ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደው ጠባብ መንገድ ደግሞ በግራና በቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ የተነሣ መኪና ግርግር ተብሏል። ሐረር ስሞቿን ከገበያዋ የወሰደች ከተማ ናት። ስለሆነም ከጠላት ወረራ በኋላ የነበሩት ሠላሳ አራት ዓመታት ታሪኳ ከገበያዋ ታሪክ ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

የከተማይቱ ንግድ መልኩን መለወጥ የጀመረው ከጦርነቱ አስቀድሞ ነው። ምድር ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ በ1895 ዓ.ም. ቆላውን ይዞ ድሬዳዋ በመድረሱ፣ ለዘመናት በግመል ቅፍለት ወደ ዘይላና ወደ በርበራ ይወጣ የነበረው ዕቃ ቀስ በቀስ ወደ ጣቢያው ዞረ። ሐረር የግዛት መቀመጫነቷን ይዛ ቀረች፤ የዕቃ መናኸሪያነቱ ግን ወደ ድሬዳዋ ሄደ።

መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማይቱ ከኢጣልያኖች እጅ ስትወጣ፣ በገበያው ውስጥ ማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ሊሬና የምሥራቅ አፍሪካ ሺልንግ ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ገንዘብ በአዋጅ ሲወጣ ይህ መደበላለቅ ወደ ፍጻሜው ቀረበ። የድንበሩ ነገር ግን ገና አልተቋጨም ነበር። ኦጋዴን በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር በመቆየቱ፣ የሐረር ነጋዴ ከከተማው ጥቂት እንደራቀ በሌላ መንግሥት ሹም ፊት ይቆም ነበር።

የ1940ው ነገር የተነሣው በዚህ መካከል ነው። ኃያላኑ አራት መንግሥታት የቀድሞዎቹን የኢጣልያ ቅኝ ግዛቶች ዕጣ ለመወሰን የላኩት መርማሪ ጓድ ሞቃዲሾ በገባ ጊዜ፣ ከሐረር የሄዱ ሐረሪዎች አቤቱታቸውን ለማሰማት በዚያ ተገኙ። እንቅስቃሴው «ኩሉብ» በሚል ስም ይታወቃል። መንግሥት ነገሩን አገርን እንደ መገንጠል ቆጠረው። በከተማይቱ ብዙ ሰዎች ታሰሩ፤ ንብረትም ተወረሰ። ብዙዎቹ በኋላ ቢፈቱም፣ የጠፋው መተማመን በምሕረት ብቻ አልተመለሰም። የሐረሪ ቤተሰቦች ሱቃቸውን እየዘጉ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ባሕር ማዶ ይወጡ ጀመር። መርካቶ ያገኘው የንግድ ችሎታ ጁገል ያጣው ነበር።

ሰው በወጣ መጠን ንግዱ አልጠፋም፤ ይልቁንም አዲስ ሸቀጥ ገነነ፤ ይኸውም ጫት ነው። ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉ ስለሚደክም፣ ዋጋው ከምንም በላይ በፍጥነት ይወሰናል። የአየር መንገዱ አውሮፕላኖች ከድሬዳዋ ወደ ኤደን መመላለስ ሲጀምሩ፣ የሐረር ዙሪያ ገበሬ ከባሕር ማዶ ገበያ ጋር በሰዓታት ልዩነት ተገናኘ። በ1949 ዓ.ም. የኤደን አስተዳደር ጫትን ከለከለ፤ በዓመቱም ክልከላውን አነሣ። የዓለም የቡና ዋጋ ባሽቆለቆለ ጊዜ ግን ገበሬው የቡናውን ማሳ ለጫት መልቀቁ ስሌት ነበረው። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይለቀማል፤ ገንዘቡም ሳይውል ሳያድር በእጅ ይገባል። በአንጻሩ እህል የሚዘራበት መሬት ጠበበ፤ ገበሬውም እንጀራውን ከገበያ መጠበቅ ግድ ሆነበት።

በዚሁ ዘመን የመንግሥት ደመወዝ ሌላ የገቢ ምንጭ ሆነ። የጦር አካዳሚው በ1940ዎቹ መጨረሻ በህንድ መኮንኖች አሠልጣኝነት ተቋቋመ፤ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ረዳትነት የተሠራው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅም በ1950 ዓ.ም. ተመረቀ። ከግንቡ ውጭ ያለው አዲሱ ከተማ በሠራተኛና በወታደር ሞላ። ፈረስ መጋላም የአሮጌውና የአዲሱ ከተማ መገናኛ ሆነ። ይሁን እንጂ ደመወዝተኛው በአብዛኛው ከሌላ አገር የመጣ ስለነበር፣ የከተማው ተወላጅ ከዚህ ዕድገት ያገኘው ድርሻ አነስተኛ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ታሪክ በሩቅ አገርም ይገኛል። አየርላንድ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1949 ሪፐብሊክ ብትሆንም፣ ከ1951 እስከ 1961 ባሉት ዓመታት ከአራት መቶ ሺህ በላይ ሰው ወጥቶባታል። በ1958 የገንዘብ ሚኒስቴሩ ባለሙያ ዊታከር ባቀረበው ጥናት መሠረት መንግሥት በሩን ለውጭ ንግድና መዋዕለ ንዋይ ከፈተ፤ በ1973ም አገሪቱ የአውሮፓ ማኅበረሰብ አባል ሆነች። የሁለቱ ስደት ምክንያት ግን አንድ አይደለም። አየርላንዳዊው ሥራ በማጣት ሲወጣ፣ ሐረሪው ንግድ እያለው የወጣው ዋስትና በማጣቱ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው በኤኮኖሚ ዕቅድ ሊመለስ ይችል ነበር፤ የሁለተኛው መመለስ ግን አስቀድሞ የፖለቲካ እርቅን ይጠይቃል።

እርቁ ሳይመጣ የ1967ቱ አዋጆች ደረሱ። የካቲት 25 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በሐረር ዙሪያ በእኩል አራሽነት ይኖር የነበረውን የኦሮሞ ገበሬ ከጢሰኝነት አወጣው፤ ይህ የማይካድ ፍትሕ ነው። ለሐረሪው ግን የአትክልት ቦታው የገቢው መሠረትና የከተሜነቱ ክብር ነበር። ሐምሌ 19 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የኪራይ ገቢውንም ወሰደ። በ1940 የጀመረው መውጣት በዚህ ጊዜ ሁለተኛ ማዕበል አገኘ፤ መድረሻውም እስከ ሳዑዲ ዓረቢያና እስከ ካናዳ ራቀ።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። መዝገቡ ግንቡን፣ በሮቹንና ቤቶቹን ይጠብቃል። ከ1933 እስከ 1967 ያለው ታሪክ የሚያስገነዝበው ግን፣ የንግድ ከተማ ከግንቧ በፊት የምትጠብቀው የነጋዴዋን መተማመን መሆኑን ነው። ገበያው ከቡና ወደ ጫት፣ ከግመል ወደ አውሮፕላን ሲዞር ሐረር መንገዱን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደባትም። የወጣው ሰው ወደ ፈረስ መጋላ የሚመለስበት መንገድ ግን በዚያ ዘመን ሳይከፈት ቀረ።