ጉልቻው ሲለዋወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት በኢትዮጵያ ፖለቲካ ያልተጠቀሰበት ዘመን የለም። ሹም በተነሳና በተተካ ቁጥር ይመዘዛል። ስለ ሹማምንት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ጉልቻ ግን እውነት አይደለም። ባለፉት መቶ ዓመታት የከተማው ጉልቻ ከድንጋይ ወደ ላሜራ፣ ከላሜራ ወደ ነጭ ጋዝ፣ ከዚያም ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድና ወደ ሲሊንደር ተለዋውጧል። በተለዋወጠ ቁጥር የማገዶው ወጪ፣ የእናቶች ዓይንና ሳንባ፣ የደኑም ዕድሜ አብሮ ተለውጧል። ይህን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ግድብና ስለ ሜጋዋት ይጽፋሉ። ምድጃው ሲበላሽ የሚያበጀውን ሰው ግን የሚያነሳው የለም።

ሰውየው በየከተማው አለ። ዳንግላም እንጅባራም አለ። አንዲት በር ያላት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፉ ምጣዶች፣ በቆርቆሮ የተሞላ ብሎንና የተቃጠለ ሽቦ። ደመወዝ የለውም፣ አለቃ የለውም። ያለው ስሙ ብቻ ነው፤ የሠራው ምጣድ በሳምንቱ ከተመለሰ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ሻለቃ ቺስማን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ በተቀመጠበት ዘመን፣ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ.፣ ይህ ሙያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሦስት ድንጋይ አይበላሽም። የሸክላው ምጣድ ቢሰነጠቅ ገል ሆኖ ፍም መጫሪያ ይሆናል፣ ሌላ ከገበያ ይገዛል። ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የምትሠራው ሰው ግን ነበሩ፤ ማኅበረሰቡም ያለ እነሱ መኖር ሳይችል «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እያለ ያርቃቸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ወዲያው አልጠፋም። ዛሬ ጥገና የሚሠራ ወጣት «ቀጥቃጭ» አይባልም፤ ነገር ግን «ሥራ እስኪያገኝ ነው» ይባላል። ይህም የዚያው ንቀት የልጅ ልጅ ነው።

ሙያው ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ የመሣሪያዎቹን ስም መስማት ብቻ ፍንጭ ይሰጣል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ፣ ስፒና። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ዳንግላ የጣሊያን ጦር ሰፈር ያለባት ከተማ ነበረች። ወራሪው ሲሄድ ከኋላው ጋራዥ፣ ባዶ በርሜልና ቃላት ቀሩ። በርሜሉ ተቀዶ የከሰል ምድጃ ሆነ። ቃላቱ ግን ዛሬም ከሠራተኛው እጅ አልወጡም፤ እንጅባራ ላይ በአገውኛ የሚነጋገሩ ሁለት ባለሙያዎች እንኳ መሣሪያ ሲቀባበሉ ካቻቢቴን ካቻቢቴ ከማለት ሌላ ምርጫ የላቸውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል «መጠገን» የሚፈልግ ምድጃ ነጭ ጋዙ ነው። ስዊድናዊው ፍራንስ ሊንድክቪስት በ1892 እ.ኤ.አ. የሠራው ፕሪመስ በፓምፕ የሚነፋ፣ በቀጭን ቀዳዳ የሚተፋ ነበር። ቀዳዳው በጥቀርሻ ሲደፈን በመርፌ ይጠረጋል፤ የፓምፑ ቆዳ ሲደርቅ ይቀየራል። በኋላ የመጣው ባለ ክሩ ምድጃ ደግሞ ክሩ ሲያጥር ወይም እኩል ሳይቆረጥ ሲቀር ያጨሳል። የሚገርመው ስሙ ነው፤ «ቡታ ጋዝ» በመሠረቱ የፈረንሳይ የቡቴን ጋዝ መለያ ሲሆን፣ አዲስ አበቤው በነጭ ጋዝ ለሚሠራው ምድጃ አደረገው። አንድ ነገር ብቻ ሞት ያመጣል፤ ነጭ ጋዙ ከቤንዚን ጋር ከተቀላቀለ ምድጃው ምድጃ መሆኑ ቀርቶ ቦምብ ይሆናል። ስለዚህ ጎበዝ ባለሙያ ካቻቢቴውን ከማንሳቱ በፊት ነዳጁን ያሸታል።

ይህ ሁሉ እውቀት በአንድ የዋጋ ውሳኔ ዋጋ አጣ። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ሲያነሳ የነጭ ጋዝ ዋጋ ናረ፤ ብዙ ከተሜ ቤተሰብም ወደ ከሰልና ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ። መርፌና ክር ይሸጥ የነበረው ሰው ሥራውን ሌላ ሰው ሳይነጥቀው አጣው። ማንም አላማከረውም፣ ማንም ካሳ አላሰበለትም።

ወደ ከሰል የዞረው ቤተሰብ የአዊን ዕጣ ነካ። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም አለች፤ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ናት። የወረዳው ገበሬ ኮምጣጣ በሆነው መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆረጥና እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። የተራቆተ ኮረብታ አረንጓዴ ለበሰ፣ ሣር ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። ባለፉት ዓመታት ግን ቅጠሉን የሚያደርቅ ዝገት መሰል በሽታ ገብቶ ተክሉን አመናመነው፤ በአንድ ዛፍ ላይ የቆመ ኢኮኖሚ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ያን ጊዜ ታየ።

ያ ከሰል አዲስ አበባ ሲደርስ ከሚነድባቸው ምድጃዎች አንዱ ላቀች ነው። ላቀች በ1980ዎቹ ዓ.ም. የኬንያውን ጅኮ ተመልክተው የኢትዮጵያ የኃይል ባለሙያዎች ያወጡት፣ ውስጡ ሸክላ ውጭው ላሜራ የሆነ ምድጃ ሲሆን፣ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ለእንጀራ የመጣችው ምርት ደግሞ በሲሚንቶና በአሸዋ ተሠርታ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን ወደ ግማሽ ታወርዳለች። ሁለቱም መልካም ሥራዎች ነበሩ። ግን ሸክላውን አሳስተው፣ ላሜራውን አሳጥረው አስመስለው የሚሠሩ ተነሱ። ገዢዋ ልዩነቱን የምታውቀው ሸክላው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው፤ የተሰነጠቀውም ወደ ጠጋኙ ደጅ ይመጣል፤ ወቀሳውን የሚሰማው እሱ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ተደርሷል። የኢትዮጵያ ቤተሰብ ለምግብ ከሚያውለው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእንጀራ መጋገሪያ ነው። ስለዚህ በዳንግላና በእንጅባራ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ከሸክላው ጀርባ ጠመዝማዛ ቦይ ይቆፈራል፤ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ የኒክሮም ሽቦ፣ ሠራተኛው «ሪዚስታንስ» የሚለው፣ በቦዩ ይዘረጋል፤ በጀሶ ይመረጋል፤ በላሜራ ጣባ ውስጥ ይቀመጣል። ሸክላ ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ለመጋል ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዴ ከጋለ ግን ቶሎ አይበርድም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች አጥፍቶ በቀረው ግለት የሚጋግር እጅ ቆጣሪውን ያሳርፋል፤ ይህን ብዙ እናቶች ያውቁታል።

ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጀሶውን ፈልፍሎ አዲስ ሽቦ መዘርጋት ነው፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ የሽቦውም ዋጋ አለ። ሁለተኛው የተቃጠለውን ቆርጦ ጥሎ ጫፍና ጫፉን ማያያዝ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፣ ምጣዱም እዚያው ይግላል፣ ደንበኛዋም አመስግና ትሄዳለች። ልዩነቱን የሚያሳየው ሒሳብ ነው። በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ 14 ኦም ገደማ ይዟል። ከሽቦው አንድ አስረኛ ቢቆረጥ ምጣዱ ወደ 3,900 ዋት ይወጣል፤ 16 አምፔር የነበረው ወደ 18 ይጠጋል። ቆጣሪው ይፈጥናል፣ ስፒናው ይቀልጣል፣ ግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድ ይሞቃል፤ የተያያዘበት ቦታም ከሌላው በልጦ ስለሚግል እንጀራው እዚያ ላይ ያርራል። ሁለተኛ ጊዜ ሲቆረጥ ደግሞ ይብሳል። ፈጣኑ ጠጋኝ ርካሽ ይመስላል እንጂ ዋጋውን የሚያስከፍለው በኋላ ነው።

በተቃራኒው፣ ምንም ያልተበላሸ ምጣድ ተሸክማ የምትመጣ ደንበኛም አለች። «ልጄ፣ እንጀራዬ ዓይን አላወጣ አለኝ፤ ሽቦው ደክሞ ይሆን?» ትላለች። ሽቦ አይደክምም። አመሻሽ ላይ ሁሉም ሲጋግር ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ከወረደ፣ ምጣዱ ከሚገባው ኃይል አንድ ሦስተኛውን ያጣል፤ 3,500 ዋት የነበረው 2,300 ብቻ ይሆናል። በሊጡ ቢሳበብ፣ በሸክላው ቢሳበብ፣ በደንብ አልተሟሸም ቢባልም ጥፋቱ ያለው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ ነው። እዚህ ላይ የጠጋኙ ሐቀኝነት ይፈተናል። «እናቴ፣ ምጣድሽ ደኅና ነው፤ ማለዳ ጋግሪበት» ብሎ ባዶ እጁን መቅረት ይችላል። ወይም ከፍቶ ዘግቶ፣ ሽቦውን አሳጥሮ «አጠነከርኩልሽ» ማለት ይችላል። የሚያየውም የሚቆጣጠረውም የለም።

ይህ የሆነበት ምድር ደግሞ ከኃይል ምንጭ የራቀ አይደለም። የመብራት ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ጢስ ዓባይ በ1956 ዓ.ም. ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ታስቦ ሥራ ጀመረ፤ 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከአዊ በስተምዕራብ ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት ተባለ። ቁጥሩ ያኮራል፤ መኩራትም ይገባል። ነገር ግን ምጣድ በሜጋዋት አይግልም። የሚግለው የመጨረሻው ምሰሶ ላይ በደረሰው ቮልት ነው፤ ያን ቮልት በየዕለቱ እየለካ የሚያውቀው ደግሞ ያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ነው። የእሱን ልኬት የጠየቀ መሥሪያ ቤት ካለ እሰየው።

የሲሊንደር ጋዝ ለብቻው ይታያል፤ በዚህ ስህተት ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ላይ አይበንም፤ ወለል ላይ ተኝቶ ክብሪት ይጠብቃል። ፍሳሽ የሚፈለገው በሳሙና አረፋ እንጂ በእሳት አይደለም። ጎማው ሲደርቅ ይቀየራል እንጂ በፕላስተር አይጠቀለልም። ቢጫ የሆነና ድስት የሚያጠቁር ነበልባል አየር ማስገቢያው መደፈኑን ይናገራል።

ሌላው ዓለም ይህን የተማረው በደም ነው። ግንቦት 1968 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሮናን ፖይንት በሚባል ባለ 22 ፎቅ አዲስ ሕንፃ አንዲት ሴት ማለዳ ሻይ ልታፈላ ክብሪት ጫረች። ምድጃዋን ከቧንቧው ጋር ያገናኘው የነሐስ ብሎን ጉድለት ነበረበትና ጋዝ ሲያፈስ አድሮ ነበር። የሕንፃው አንድ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች ተናደ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የጋዝ ሠራተኞች መዝገብ ተቋቋመ፤ በመጨረሻም ሳይመዘገቡ ጋዝ መንካት በሕግ ተከለከለ። እዚያ የግሉን የሚሠራ ጠጋኝ መታወቂያውን አሳይቶ ነው ደጅ የሚገባው። መዝገቡ ሠራተኛውን የሚያስቸግር ወረቀት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ሐቀኛውን ከቆርጦ ቀጥሉ የሚለይለት ያ ወረቀት ነው። ዳንግላ ላይ ይህን የሚለየው የጎረቤት ወሬ ነው።

ፈተናው ደግሞ እየከበደ ሄዷል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ሽቦና ማብሪያ በውድ ምንዛሪ የሚገዛ ሆነ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ የሚጨምር የመብራት ታሪፍ ተጀመረ። አዲስ ሽቦ ሲወደድ አሮጌውን ቆርጦ መቀጠል ያጓጓል፤ ተቆርጦ የተቀጠለው ሽቦ ደግሞ ብዙ መብራት የሚበላው ታሪፉ በሚጨምርበት በዚሁ ወቅት ነው።

ሌላ ጉልቻም ደጅ ላይ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. በኦጋዴን ካሉብ የተገኘው ጋዝ ግማሽ ምዕተ ዓመት ከተኛ በኋላ የመጀመሪያው የማምረቻ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተመርቋል። የካሉቡ የተፈጥሮ ጋዝ በሲሊንደር ከሚመጣው ጋር አንድ አይደለም፤ በመጠኑ ሲለካ ያነሰ ሙቀት ስላለው የምድጃው አፍንጫ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይፈልጋል። ያ ጋዝ አንድ ቀን ማእድ ቤት ቢደርስ እያንዳንዱ ምድጃ ተፈትቶ፣ ከባቄላ የማትበልጠው የነሐስ አፍንጫው ወጥታ በሌላ ትተካለች፤ ከዚያም በሳሙና አረፋ ትፈተሻለች። ካቻቢቴውን ይዞ ያን የሚሠራው ሰው ዛሬ እንጅባራ ላይ ጀሶ እየፈለፈለ ነው።